ልጄ ባሕር ማዶ ሄዶ ሸክላ ይሠራል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ተማሪው እዚያው እያደረ ስለሚማርባቸው ትንንሽ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ መልሱም ረዝሟል።

ጥያቄ፦

«ለአምዱ አዘጋጅ ለመምህርቷ፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ፍኖተ ሰላም በርበሬ እየነገድሁ የምተዳደር የአራት ልጆች አባት ነኝ። ሁለተኛው ልጄ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚባል ግዛት ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲሄድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ ይመለሳል ብዬ ነበር። ባለፈው እሑድ ሲደውል ምን እየተማርህ ነው ብለው ኬሚስትሪ፣ ሒሳብ፣ የቻይና ታሪክና የሸክላ ሥራ አለኝ። መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ አስነገርሁት። ሸክላ ነው! ዲፓርትመንትህስ ብለው ‹ገና አልመረጥሁም› ይላል። የጎረቤቴ ልጅ ባሕር ዳር ገብቶ ምን እንደሚሆን ለይቶ ያውቃል፤ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ሰው ‹ያ አሜሪካ ያለው ልጅህ ምን ይማራል?› ሲለኝ ምን ልበል? ደግሞስ ስንት ዩኒቨርሲቲ ባለበት አገር ለምን ኮሌጅ ገባ? ተታሎ ይሆን?»

መልስ፦

ጋሼ፣ ሸክላው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታዎን። ያሳቀኝ ልጁ ሳይሆን «ደግሜ አስነገርሁት» ያሉት ነው። የእኔም አባት ደምበጫ ላይ ተቀምጦ፣ ልጅህ አሜሪካ ምን ትማራለች ሲሉት የሚመልሰው ያጣ ነበር። በደብዳቤ የላክሁለት ዝርዝር ሥነ ፈለክ፣ የግሪክ ፍልስፍና፣ ስታትስቲክስና የመዘምራን ቡድን የሚል ነበር። በመጨረሻ «እንግሊዝኛ ትማራለች» ብሎ ተገላገለ።

የኮሌጁን ነገር በአጭሩ እንጨርሰው። ልጅዎ አልተታለለም። እኛ አገር ኮሌጅ ሲባል የዲፕሎማ ቤት ስለሚታየን ነው የምንጠራጠረው። ልጅዎ የገባበት ዓይነት ቤት የአራት ዓመት ዲግሪ ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ያለውን ስለማያስተምሩ መምህሩ ጊዜውን የሚያውለው በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ነው። የተማሪው ብዛት ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,500 ቢሆን ነው። ዕድሜያቸውም ቀላል አይደለም፤ ዊልያምስ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1793 እ.ኤ.አ. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጋናዊው ኮፊ አናን በ1961 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የተመረቁት ከማካሌስተር ኮሌጅ ነው፤ ማካሌስተር ደግሞ እዚያው ልጅዎ ያለበት ሚኒሶታ ውስጥ ነው። ጎረቤት ከነዘነዘዎ አናንን ይጥቀሱለት። እግረ መንገዴን፣ አናን ተማሪ ሳሉ የጆሮ መሸፈኛ አስቀያሚ ነው ብለው ሳያደርጉ ወጥተው ጆሯቸው በብርድ ሊቆረጥ ሲደርስ ሮጠው እንደገዙ ራሳቸው ተናግረዋል። ልጁን ጆሮህን ሸፍን ይበሉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «አልመረጥሁም» ማለቱ እርስዎን እንቅልፍ ነስቶዎታል፤ እዚያ ቤት ግን በሁለተኛ ዓመት ያልመረጠ ተማሪ የሚያሳስበው ሰው የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው በአንድ ሴሚስተር አራት ያህል ኮርስ ይወስዳል፤ አራት ዓመት ሲሞላ ወደ 32 ይደርሳል። ከዚህ ሲሶው ገደማ በዋና ትምህርቱ ይሆናል። ሌላው ከሳይንሱም፣ ከቋንቋውም፣ ከኪነ ጥበቡም፣ ከማኅበራዊ ሳይንሱም እንዲያዳርስ ተብሎ የሚታዘዝ ነው፤ የቀረውን እንደ ፍላጎቱ ይመርጣል። ቤቱ ሁሉ አንድ አይደለም። ግሪኔል ኮሌጅ ለሁሉም ግዴታ የሚያደርገው አንድ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ብቻ ነው፤ ኮሎራዶ ኮሌጅ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱን ኮርስ ለብቻው በሦስት ሳምንት ተኩል አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዋና ትምህርት የሚመረጠው ግን በአብዛኞቹ ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። እኛ ዘንድ ተማሪው በውጤትና በኮታ ይደለደላል፤ ስንቱ ልጅ ያልፈለገው ዲፓርትመንት ደርሶት አራት ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የጎረቤትዎም ልጅ ቢሆን መሐንዲስ ከመባሉ በፊት ሎጂክና ሥነ ልቦና ተምሯል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን ዓመት ለጋራ ኮርሶች ሰጥተዋል። የልጅዎ ኮሌጅ ያንን ለአራት ዓመት ዘረጋው እንጂ ሌላ ነገር አላደረገም።

ደግሞ ይህን ነገር ከጎጃም ሰው በቀር ማን ሊረዳው ይችላል? ዋሸራና ጎንጅ ለቅኔ የሄደ ልጅ ጎጆውን የሚቀልሰው መምህሩ ካሉበት ነው፤ ትምህርቱና ኑሮው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁና በዋዜማ እያለ መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየዕለቱ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ፣ ወይም የጓደኛውን ቢዋስ መምህሩ አይቀበሉትም፤ የራሱ፣ አዲስ መሆን አለበት። «ይህን ተምረህ ምን ትሆናለህ?» ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ከልጅዎ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ አንብቦ የራሱን ነገር ይዞ መምጣት። እርግጥ ልጅዎ ደበሎ አልለበሰም፣ ቁራሽም አይለምንም፤ የቅኔ ተማሪም በአራት ዓመት ጨርስ ብሎ የሚያስወጣው የለም።

ክፍሉን ባዩት ደስ ይልዎት ነበር፤ ወይም ይናደዱ ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር የገባሁበት የፍልስፍና ክፍል አንድ ረጅም ጠረጴዛና 14 ወንበር ብቻ ያለበት ነበር። ሰሌዳው አጠገብ የቆመ ሰው የለም፤ መምህሩ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። የምናነበው የፕላቶን «ሜኖ» ነበር፤ ሶቅራጥስ ያልተማረውን አገልጋይ ልጅ እየጠየቀ የአንድን አራት ማዕዘን ስፋት እጥፍ ማድረጊያ የሚያስገኝበትን። አንዷ የ18 ዓመት ልጅ እግሯን ወንበር ላይ አውጥታ፣ ሽማግሌውን መምህር በመጀመሪያ ስማቸው ጠርታ «በዚህ አልስማማም፤ ሶቅራጥስ ልጁን እየመራው ነው እንጂ ልጁ ራሱ አላገኘውም» አለቻቸው። ጣሪያው የሚወድቅ መሰለኝ። መምህሩ ግን ደስ ብሏቸው «እሺ፣ የቱ መስመር ላይ ነው የመራው?» ብለው መጽሐፉን አስገለጧት። እኔ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል ተብዬ ያደግሁ ነኝ፤ በዚያ ቤት ደግሞ ከውጤቱ 20 በመቶው በክፍል ውስጥ ለሚናገሩት ነበር። መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝና «ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ጽፈሽ ነዪ፤ ውይይቱን በአንቺ ጥያቄ እንከፍታለን» አሉኝ። በስም መጥራቱን ግን እስክመረቅ ድረስ አልቻልሁበትም፤ ስማቸውን ሳልጠራ ንግግር የምጀምርበትን ዘዴ ሁሉ ፈለሰፍሁ።

መምህሩና ተማሪው እንዲህ መቀራረባቸው የዚህ ዓይነት ቤት ዋናው ሀብት ነው። የኮምፒውተር ቺፕ ፈልሳፊ ከሚባሉት አንዱና ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆነው ሮበርት ኖይስ የግሪኔል ተማሪ ሳለ ለድግስ ብሎ የአንድ ገበሬ አሳማ ሰረቀ። ግሪኔል በሚገኝበት በአይዋ ግዛት አሳማ መስረቅ ቀልድ አይደለም። ጨርሶ ከመባረር አድነው ለአንድ ሴሚስተር ብቻ እንዲታገድ ከተሟገቱለት መካከል የፊዚክስ መምህሩ ግራንት ጌል ነበሩ። ኖይስ ተመልሶ በ1949 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ተማሪው በአስር ሺዎች በሚቆጠርበት ግቢ ለአንድ አሳማ ሌባ የሚሟገት መምህር ከየት ይመጣል?

ሸክላውን አልረሳሁትም። እኔ አልተማርሁትም፤ ማታ ማታ ግን ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ ሸክላ ክፍሉ መብራቱ ስለማይጠፋ እየገባሁ አይ ነበር። ግድግዳው ላይ ጣት የሚያካክሉ የሸክላ ቁራጮች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ሁሉም የተቀቡት አንድ ዓይነት ማስዋቢያ ነው፤ ልዩነታቸው የተጨመረባቸው የመዳብ ኦክሳይድ መጠን ነው። ከየቁራጩ ሥር መጠኑ በእርሳስ ተጽፏል። አየር እንደ ልብ በሚገባበት ምድጃ የተተኮሱት አረንጓዴ ሆነዋል፤ ያንኑ ቅብ አየር በታፈነበት እሳት የተኮሱት ደግሞ ቀይ ወጥቷል። አጠገቡ ማን እንደሠራው፣ ምድጃው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ የቱ እንደተሰነጠቀ የሚመዘገብበት ደብተር አለ። በ573 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት መጠኑን ስለሚለውጥ፣ እዚያ ላይ የቸኮለ ሰው ዕቃው ይነቃበታል። ይህ ኬሚስትሪ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ያለ ቴርሞሜትር፣ በኩበትና በእንጨት፣ ይህንኑ በዓይናቸው ለይተው ያደርጉታል። በምጣዷ እንጀራ እየበላን፣ በጀበናዋ ቡና እየጠጣን ሠሪዋን ስንንቅ የኖርን እኛ ነን፤ ልጅዎ በዚህ አያፍርም። ቢችል በእረፍት ሲመጣ አንዲቷ ባለሙያ ዘንድ ወስደው ያስተዋውቁት፤ የሚጠይቃት ብዙ ነገር ይኖረዋል።

የማያስደስተውንም ልንገርዎ። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ባዮሎጂ፣ አጠቃላይና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ከወሰደና የመግቢያ ፈተናውን ካለፈ ዋና ትምህርቱ ታሪክ ቢሆን እንኳ ማመልከት ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። ስለዚህ ሐኪም ይሆናል የሚለውን ተስፋ ዛሬውኑ ቢያበርዱት ይሻላል፤ በኬሚስትሪ ለዶክትሬት መቀጠል ግን የተሻለ የተከፈተ መንገድ ነው፤ በሳይንስ ዘርፍ ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለተማሪው ይከፍላል። ምህንድስናም ቢሆን እንደ ስዋርትሞርና ሃርቪ መድ ካሉ ጥቂቶች በቀር በእነዚህ ቤቶች አይገኝም።

እንግዲህ ለሚጠይቅዎ ሰው «ኬሚስትሪ» ይበሉ፤ ውሸት የለበትም። ልጁን ግን ዲፓርትመንት አይጠይቁት። አማካሪህ ማን ነው፣ ቢሮው መጨረሻ የሄድኸው መቼ ነው፣ በዚህ ወር ምን ጻፍህ ብለው ይጠይቁት። ሦስቱንም ከመለሰ ደህና ነው። በታኅሣሥ እረፍት ብዙ ኮሌጆች መኝታ ቤቱን ስለሚዘጉ የት እንደሚያድርም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የውጭ አገር ተማሪ ካመለከተ ብዙውን ጊዜ ይፈቀድለታል። ብር ላክ የሚለው ዘመድ ካለ ደግሞ እርስዎ ይከላከሉለት። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ትምህርት በሚካሄድበት ጊዜ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር፤ ገንዘቡ ለመጽሐፍና ለካፖርት ያልፋል እንጂ ቤት አያሠራም።

ጥያቄ፦

«ቢቸና የምማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እንደዚህ ባለ ኮሌጅ መማር እመኛለሁ፤ ቤተሰቦቼ ግን ገበሬዎች ናቸው። አንድ ሰው 60 ሺህ ብር ከከፈልሽ አስገባሻለሁ ብሎኛል። ልመነው?»

መልስ፦

ሰውዬውን እንዳታምኚው፣ እህቴ። ማመልከቻውን የሚሞላው ተማሪው ራሱ ነው፤ ብዙዎቹ ኮሌጆች ኮመን አፕ በሚባለው አንድ የኢንተርኔት ቅጽ ይቀበላሉ፤ የማመልከቻ ክፍያውንም መክፈል ለማይችል ያነሣሉ። ደላላው የሚሠራልሽ አንቺ በነጻ የምትሠሪውን ነው፤ ያውም አበላሽቶ።

የገንዘቡ ነገር ይህን ይመስላል። አምኸርስትና ቦዶይን የውጭ አገር አመልካችን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፤ ከተቀበሉ የጎደለውን ይሞላሉ። መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ስንት እንደምትፈልጊ አይተው ይወስናሉ። ኬንታኪ ውስጥ በ1855 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ለገበሬ ልጅ ይህ የሚያስፈራ አይደለም።

የሚያስፈልግሽ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤትሽ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የመምህራን ደብዳቤና ከ650 ቃል የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። ማመልከቻው በአብዛኛው የሚዘጋው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት ሳታይ ልትልኪ ነው፤ ፈተናው እስኪያልፍ አንድ ዓመት ቆይቶ ማመልከትም ይቻላል፤ እንዲያውም ለአንዳንዱ ይሻላል። ከሁሉ የሚበላሸው የመምህራኑ ደብዳቤ ነው። እኛ መምህራን «ጎበዝ፣ ታዛዥና ጨዋ ተማሪ ናት» ብለን ማኅተም እንመታለን። ይህ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የፊዚክስ መምህርሽን «በዚያ ቀን ጥያቄውን በሌላ መንገድ የሠራሁበትን ይጻፉልኝ» ብለሽ ለምኚ፤ ካላስታወሱት ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦

«ከደጀን ነው የምጽፈው። ልጄ በነሐሴ ወደ አንድ ኮሌጅ ልትሄድ ነው። መኝታ ቤትና ምግብ ቤቱ ግዴታ ነው፣ ውጭ መከራየት አይፈቀድም ተብላለች። እኔን የጨነቀኝ ጾሙ ነው። ሁዳዴን በምን ትጾመዋለች?»

መልስ፦

እትዬ፣ ግቢ ውስጥ መኖር በብዙዎቹ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ክፍሉ ለሁለት ስለሚሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለምትተኛበትና ስለምትነሣበት ሰዓት ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ትነጋገር። ጾሙ ግን አይቸግራትም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ተማሪው ትሪ ይዞ ተሰልፎ የፈለገውን ያነሣል፤ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የሌለበት ምግብ ቪጋን ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ባቄላው፣ ምስሩ፣ ሩዙና አትክልቱ አይጠፋም። የምትጠነቀቀው ከዳቦና ከሾርባ ነው፤ ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል የሌለበት ይመስልና ይኖርበታል። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የምትጾም ከሆነ ደግሞ ምሳ ቤቱ ሊዘጋ ስለሚችል ምግቡን በሣጥን ይዛ እንድትወጣ ያስፈቅዱላት፤ ለዋናው አብሳይ ሄዳ ብትነግረው ይበቃል፤ እኔ በነበርሁበት ቤት እንዲያውም ሴትዮዋ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ጠይቃኝ ግድግዳው ላይ ጽፋው ነበር።

በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በደንብ አሽገው ይስጧት። ቋንጣ ግን እንዳይሞክሩ፤ ሥጋ ነክ ነገር አየር ማረፊያው ላይ ይወሰድባታል። ሌላውንም ቢሆን ምግብ ይዣለሁ ብላ ለጉምሩክ ታስታውቅ፤ ደብቃ ከተገኘች ይቀጧታል።